ብርዱ ነው

ሽመና ልንማር ቼኮች ጋ የሄድን ለት፣
ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ በቀዘቀዘ ሌት፣
ሰው ቢላ ተጫምቶ ውሃ ላይ ሲከንፍ
አየሁ፤ በዚያው ቀረሁ፣ እስካሁንም ሳልተርፍ።

ደሴ ተመልሼ ስለ ሆኪ ባወጋቸው፣
በረዶ ማለት ግን ገብስ የሚፈጃቸው፣
ከጦሳ የሚወርድ የሰማይ ጠጠር ነው፤
«ይማም ታሞ መጥቷል፣ ብርዱ ነው የነካው።»

ከኮምቦልቻ ፈረቃ፣ ሐረጎን ተሻግሬ፣
የሬድዮኔን ሽቦ ከቆርቆሮው አስሬ፣
ሽው ከሚለው ማህል የቡድኔን ቁጥር እለቅማለሁ፤
ሽውታውን ራሱን ቢላው ነው እላለሁ።

ጣቢያው ተዘጋ።
ሰባት ዓመት ዝም።

ኋላ ፒያሳ ላይ፣ ለደቂቃ ሃምሳ ሳንቲም፣
ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ፎቶው ሲወርድ፣ ሲያዘግም፣
መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ የራስ ቁር፤
ቢላው ሳይደርስ ገና መብራት ሄደ፤ ድርግም።

አሁን በልጄ በሰዓዳ ስልክ ጥርስ እንኳ ይታያል፤
ያምበላችን የፊቱ፣ ሁለቱ ወልቀዋል።
ጥርት ያለ ምስል፤ ሽውታው ግን የለም።
ሳይጎድልብኝ አይቀርም።

ያን የጨለማ ጊዜ፣ ኔትወርክ በጠፋበት፣
ሰው ሁሉ የዘመዱን ድምፅ በናፈቀበት፣
የኔን ናፍቆት አፍሬ ለማንም አልነገርኩት፤
ብርድ ልብስ ተከናንቤ
ግጥሚያውን በሙሉ እኔው አጫወትኩት።
ሁሉንም አሸነፍን።

መስመሩ ሲመለስ ውጤቱን ከፈትኩት፤
አስራ አንድ ሽንፈት ነው። ቆጥሬ ዘጋሁት።
ሰዓዳ «ምነው አባ?» ስትል፣
«ብርዱ ነው» አልኳት።