የጣት ቀለም

ያን ዕለት እናቴ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ፣
አረንጓዴ ቀሚስ ከሣጥን አውጥታ፣
ናፍታሊን የሚሸት፣ እጥፋቱ ያልለቀቀ፣
ለብሳው ብቅ ስትል መንደሩ ተሳሳቀ።
“የማን ሠርግ ነው ዛሬ፣ ፔሪኻን?” ቢሏት፣
“የራሴ ነው” አለች፤ “ስድሳ ሰባት ዓመት
የታጨሁበት።”

ጎረቤት ሶልማዝ ግን፣ ቱርክመኗ ወዳጇ፣
መጋረጃ ዘግታ አልወጣች ከደጇ።
እሷም የምትፈራው የራሷ ነበራት፤
ያን ቀን ግን ማን ጠየቃት?

ሰልፉ ከኪርኩክ ዳር፣ ከትምህርት ቤቱ በር፣
ከዳቦ ቤቱ አልፎ ተጠምዝዞ ነበር።
አንዲት ጥያቄ ናት፤ መልሷ አዎ ወይ አይደለም።
እናቴ ፊደሉን አንዱንም አታውቅም።
ጸሐፊው በብዕር ሊያሳያት ሲዳዳ፣
“ተወው፣ የኔ ልጅ፤ አታድርገኝ እንግዳ፤
ከናቴ ጡት ጋራ የጠባሁትን ቃል
ዛሬ ማን ያስነብበኛል?”

ከዚያም ሌባ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነከረች።
ሌባ ጣት ይባላል፤ ምን ሰርቃ ታውቃለች?
የተሰረቀች እንጂ።

ቤት ገብታ ዕቃውን በግራ እጇ አጠበች፤
ያቺን ጣት በፌስታል ጠቅልላ አሰረች።
የወይን ቅጠሉን ለዶልማ ስትጠቀልል፣
ጣቲቱ ቀጥ ብላ፣ እንደ ሙሽራ፣ ከሥራው ገለል።
ወንድሜ ሄርሽ፣ ፔሽሜርጋው፣ ከምሽግ ደውሎ፣
“እማ፣ ለቀቀ ወይ?” ይላታል ቶሎ ቶሎ።
“አንተ ምሽግህን ያዝ፤ የኔን ለኔ ተወው።”
እኅቷ ከማሃባድ፣ “ፎቶውን ላኪው”
ብትል አነሣናት። ደግሞ ከዲያርባኪር፣
ደግሞ ከቃሚሽሊ፣ የደዋዩ ጥድፊያ።
አንድ አያት ወልዷቸው፣ አራት መታወቂያ፣
አራት የድንበር ኬላ፤
አንዲት የናቴ ጣት መገናኛ ጣቢያ።
እኅቷ፣ አሉን በኋላ፣
የስልኩን መስታወት ሳመችው።

ሃያ አንድ ቀን ሆነ።
በዚያው ሌሊት ታንኩ አውራ መንገድ ሞላ።
ማን አዘዘ? ማን ሸጠ? ማን ነው “ወደ ኋላ”
ያላቸው? ሄርሽ እስከ ዛሬ አያውቅም።
ጠመንጃው አልጮኸም፤ እሱም አይናገርም።

ወደ ሱለይማንያ፣ ፒክአፕ ላይ ፍራሽ ጭነን፣
የቤታችንን ቁልፍ በአጥር አቀብለን
(ሶልማዝ ናት የያዘችው፤ እያለቀሰች)፣
መንገድ ዳር ሴቶች ቆመው፣ በረኪና ይዘው፣
ጣታቸውን ይፍቃሉ፣ ቆዳው እስኪላጥ።
ለእናቴም ጠርሙሱን ዘረጋሁላት።
አየችኝ። ምንም ሳትል ኪሷ ከተተችው፣
ጣቷን ነው፤ ጠርሙሱን አይደለም።

አሁን የኪራይ ቤት ነው። ተራራው ቅርብ ነው፤
ወዳጃችን ነው ይሉታል፤ እሷ ግን፣ “እሱም ቢሆን
ዝም ብሎ ነው የሚያየው።”
ጥፍሯ ባደገ ቁጥር ቀለሙም ተገፋ፣
የጨረቃ ስንጣሪ አክሎ ሊጠፋ።
መቀስ አታስነካም።
“ምነው ዝም አልሽ?” ይላሉ፣ ሊጠይቁን የመጡ።
“ድምፄን ሰጥቼ የለም?” ትላለች።
“ሲመልሱልኝ እናገራለሁ።”

ትናንት ሌሊት ግን፣ መብራት በጠፋበት፣
ለሄርሽ ልጅ፣ ለስድስት ወሯ ሕፃን፣
በጨለማ ጣቷን ስታስይዛት ሰማኋት፦
“አጥብቀሽ ያዢ” ስትል፤ “ይቺ ናት ሌባዋ፣
የራሷን ገና ያልሰረቀች።”