ጎንበስ

ትራሙ ሲታጠፍ ሲጢጥ ይላል ብረት፣
እኔም ጥርሴን ነክሼ እይዛለሁ መስኮት፤
አንድ የጋለ ሽቦ ከወገቤ ይነሣል፣
በባቴ አድርጎ እስከ ተረከዝ ይደርሳል።

በአሥረኛው ዙር ላይ፣ መሙ ዝናብ ጠጥቶ፣
ቀጭ አለ አንዳች ነገር ከወገቤ ገብቶ፤
ሦስት ሴቶች አለፉኝ፤ አራተኛዋ ዞራ
አየችኝ፤ እኔ ግን ቆሜያለሁ እንደ ጋራ።

የጌንቱ ሐኪም ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ
«ዲስኩ ትንሽ ወጥቷል» አለኝ ነገሩን አቅልሎ፤
«ትንሽ» የምትል ቃል በፍላሚሽ ስትነገር
ሰባት ወር መሆኗን ማን ያውቅ ነበር።

አክስቴ ከደሴ ደወለች፦ «ወጌሻ የላቸውም?»
«አላቸው፤ ማራይከ ትባላለች፤ ግን አያሹም።»
«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?» «ወለል ላይ ያስተኙሻል፣
ትንፋሽሽን ያስቆጥሩሻል፣ ከዚያ ያስከፍሉሻል።»
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።
ሳቁ ወገቤን ያዘኝ።

የመጥረጊያ ዘንግ ናት የማራይከ መድኃኒት፤
ከአናቴ እስከ ዳሌ በጀርባዬ ለጥፋት
«ጎንበስ በይ» ትለኛለች፣ «ከወገብሽ ሳይሆን
ከዳሌሽ ታጠፊ፤ አትልቀቂ ዘንጉን።»

እኔ እኮ ጎንበስ ማለት ከእናቴ ነው የተማርኩት፣
እንግዳ በር ላይ ሲቆም፣ ሳልታዘዝ ያደረግኩት፤
ያን የመሰለ ትምህርት ጀርባዬ ለካ ረስቶታል፣
አሁን እንደ ባዕድ ቋንቋ በፊደል ይቆጥረዋል።

ከጎኔ ምንጣፍ ላይ ጋሼ ዊልፍሪድ አለ
(ጋሼን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ምን ማለት ነው ሳይል ተቀበለ)።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ትራም ነድቶ ነድቶ
ወገቡ ሐዲድ ሆኗል፣ አይታጠፍም ከቶ።

ቅጹ ላይ «ግብዎ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር።
እኔ፦ «አምስት ሺህ ሜትር፣ በአሥራ አምስት ከሃያ።»
እሱ፦ «የጫማዬን ክር ማሰር።»

አንገቴን ደፋሁ። እኔም በዚያው ጠዋት፣ ተኝቼ፣
ክሬን ያሰርኩት እግሬን እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አምጥቼ።

ታኅሣሥን በእንብርክክ ገፋነው፣ እጅና እግር እየዘረጋን፣
ማን ቀድሞ እንደሚንቀጠቀጥ በስሙኒ እየተወራረድን፤
ጥር ላይ ስምንት ኪሎ አነሣሁ፤ «ጎሽ» አለች ወጌሻ፤
የካቲት ላይ አስነጠሰኝ፤ ተመለስኩ ወደ መነሻ።

አለቀስኩ። ማራይከ «አይዞሽ» የሚል ቃል የላትም፣
ቀዝቃዛ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች እንጂ አላባበለችኝም፤
«ሕመም ሁሉ ስብራት አይደለም፤ ሌባ ሳይኖር
የሚጮህ ውሻ አለ፤ ይለመዳል ሲያድር።»
ጋሼ ዊልፍሪድ ከምንጣፉ፦ «የኔማ ውሻ አርጅቷል፣
ጥላውን ሲያይ ይጮሃል፣ ሲተኛም ይጮሃል።»

ግንቦት። የቀዛፊዎቹ ውሃ ዳር፣ ዳክዬዎች ሣር ላይ ተኝተው፣
አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ ዐሥር ጊዜ ነው የታዘዘው።
በስምንት ዓመቴ ይህን ብባል እስቅ ነበር፤
አሁን ልቤ ይመታል እንደ ፍጻሜ ውድድር።

ጋሼ ዊልፍሪድ ሰዓት ሊይዝልኝ መጥቶ ነበር፤
«ቁሚ» አለኝ፣ «ክርሽ ተፈቷል»። ልወርድ ስል፣
«ተይው»።
ዳሌውን ወደ ኋላ ገፋ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፣
የሌለው ዘንግ በጀርባው ላይ ቀጥ ብሎ፣
እየተነፈሰ፣ እየቆጠረ፣ ወረደ
ሐዲዱ ታጠፈ።
ሁለቴ ቋጠረልኝ። ሲነሣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣
አካባቢውን ቃኘ፣ ሌላ ያየው ሰው ካለ ብሎ።

እኔም እጅ ነሣሁት፤
ከዳሌዬ።

ከዚያ ሮጥኩ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ
ክሩ እንደገና ተፈታ (ሰውዬው ቋጠሮ አይችልም)፤
ቆምኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ አሰርኩት፤
ሽቦው ቀና ብሎ ሳያየኝ አለፍኩት።