ግፉ

እኔ የምኖረው ሜዳው ላይ ነው፣ ታች፤
መኪናዬ ግን ላይ፣ ቁልቁለት ታድራለች።
ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ አፍንጫዋን ደፍታ፣
በሁለት ድንጋይ ላይ ተደግፋ ማታ።
አዳማን ያወቀ ሜዳነቷን ያውቃል፤
ይቺን ቁልቁለት ሽቶ ስንት ሰፈር ያልፋል!

ሦስት ወር ሊሆን ነው ባትሪው ከደከመ፣
ቁልፍ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ እዚያው ላይ ከቆመ።

ሰርቪስ ነው ሥራዬ። አሥራ አንድ ተማሪ፣
አባት በወር ከፋይ፣ ልጅ በየቀን ገፊ፤
እንዲህ ባለ ንግድ እኔ ነኝ አትራፊ!
ጠዋት ቁልቁለቱ በነጻ ያስነሣታል፤
ሌንሳ በር ስንደርስ ግን ያው ልማዷ ይዟታል፣
ትን ብሏት ትጠፋለች። ልጅ ሁሉ ይወርዳል።

«ግፉ!» ስል በመስኮት፣
«ግፍ ነው!» ትለኛለች የሌንሳ እናት፣ ከበራፍ ቆማ፤
ብላም አትቀርም፣
ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ትገፋለች ደግማ።
ትንሹ ኢፋ ግን ቁመቱ አይደርስም፤
ታርጋውን ነው የሚይዝ፣ ከታርጋ አያልፍም፤
«እኔ ነኝ ያስነሣኋት» ማለቱን አይተውም።

ወርዶፋ ኤሌትሪሻኑ ኮፈኑን አነሣ፣
በቢላዋ ፋቀው ነጩን፣ እንደ ዓሣ።
የተጣራ ውሃ ስድስቱንም ሞላ፤
«ውሃ አይደለም» አለኝ «የጎደለው ሌላ።
በአዳማ ሙቀት ባትሪ ሁለት ዓመት ከኖረ፣
ዕድሜ ጠግቦ ሞተ በል፣ በወግ ተቀበረ።»
እኔ ግን እንቢ ብዬ፣
ሦስት ሌሊት በኪራይ ቻርጅ ቤት አሳደርኩት፤
ቀን ነፍስ ይዘራል፣ ማታ ሬሳ አገኘሁት።

መናኸሪያው አጠገብ፣ አቶ ሽኩር ሱቅ፦
«ሰባ አምፔር ስንት ነው?»
«አሥራ አራት ሺህ ከአምስት መቶ»፣
ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣ እንደ ሰላምታ።
«ባለፈው ዓመት ስምንት አልነበር?»
«ባለፈው ዓመት ባለፈው ዓመት ነው።»
አሮጌውን ሚዛን ላይ አወጣው፤
አሥራ ስድስት ኪሎ። ሺህ ሁለት መቶ ቀነሰልኝ።
ቆሜ አሰብኩ፦ በዚህ ከተማ
አርጅቶ በኪሎ ዋጋ የሚያወጣ
ባትሪ ብቻ ነው።

ብሩ የዕቁብ ነበር፤
ዕቁቡ የቆርቆሮ፤
ቆርቆሮው ለሰኔ።
ለሸዋዬ ነገርኳት። ምንም አላለችኝ።
ተነሥታ ባልዲውን
ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር አስጠጋችው።
ዝናብ ግን አልነበረም።

ያን ሌሊት መኪናዬ ደጄ ላይ አደረች፣
እንደ ሰው መኪና፣ ሜዳ ላይ፣ ያለ ድንጋይ።
እኔ ግን ሁለት ጊዜ ተነሥቼ አየኋት።

ጠዋት ሌንሳ በር ስንደርስ፣
ባትሪ ቢቀየር አመል አይቀየር፣ ትን ብሏት ጠፋች።
አፌን ሳልከፍት ልጆቹ ወርደዋል፤
መዳፍ ሁሉ ከኋላ ቆርቆሮዋ ላይ ተለጥፏል፤
የሌንሳ እናት ሻሿን እያጠበቀች ወጥታለች።
ቁልፉን ነካ አደረግኩ፤
ከመንካቴ ተነሣች።

ማንም «ሆ!» አላለም።
ኢፋ ታርጋውን እንደያዘ፦
«አንገፋም?»
«አንገፋም።»
«ለዘላለም?»
«ለሁለት ዓመት» አልኩት፣ ወርዶፋ እንዳለው።
የሌንሳ እናት ሻሿን መልሳ ፈታች፤
«እሰይ፣ ተገላገልን» አለችና
በሩን ሳትዘጋ ትንሽ ቆመች።
ከዚያ ወዲህ በዚያ በር
በጥሩንባ ብቻ ነው የምንገናኝ።

ቅዳሜ መኪና አጣቢው ባልዲውን ይዞ መጣ፤
አቧራ ለብሳለች፣ የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤
ከኋላዋ ግን በአቧራው ላይ
ትንንሽ መዳፎች ታትመዋል፣
ከታርጋው ግራና ቀኝ ደግሞ አራት አራት ጣት።

«ኋላዋን ተዋት» አልኩት።
«ስንት ነው፣ ያለ ኋላዋ?»
«ሙሉው ሁለት መቶ ነው።»
«ያለ ኋላዋ ነው ያልኩህ።»
«ያው ሁለት መቶ።»

ከፈልኩ።