አሥራ ሰባተኛው መስመር

ሰዓት ያዥ ነበርኩኝ፤ ያኔ፣ በፋብሪካው በር
እርሳሴን ከጆሮዬ ሰክቼ ስቆጥር ነበር፦
ማን ቀድሞ እንደገባ፣ ማን እንደዘገየ፣
ማን በሌት ፈረቃ ሲያንጎላጅ እንደታየ።
አምስት ደቂቃ ላረፈደ የግማሽ ቀን ቅጣት፤
እንዲያ ነው የበላሁት፣ እንጀራዬን፣ በሰዓት።

እንየው ግን ሁልጊዜ ከኔም ቀድሞ ይመጣል፤
የሐይቁ ዳር ጭቃ ከጫማው ይረግፋል።
እናቱ ናት ያለችው፣ ሦስት ቀብራ ስታበቃ፦
«ይሄ ያድግ እንደሆን እስቲ እንየው»፤ በቃ።
ጥርጣሬዋ ስም ሆኖ ቀረ፤
እሱም በዚያ ስም ኖረ።

አባቱ ሸማኔ ነው፤ ከጉድጓዱ እግሩን ሰዶ
ጋቢ ሲሠራ የኖረ፣ በሰው አፍ ተዋርዶ።
ማሽኑ ባሕር ዳር ሲመጣ ጉድጓዱ አቧራ ለበሰ፤
ልጁ ያባቱን መወርወሪያ በኪሱ ይዞ ደረሰ።
«ድር ቢያብር» ሲሉት ይስቃል፦ «አንበሳውን አሰራችሁት፤
ድሩን የፈተለውን ግን ምነው ረሳችሁት?»

ሐምሌ ነበር። ማንጠግቦሽን፣ የሦስተኛው ፈረቃ ልጅ፣
የጥጥ ማበጠሪያው በላት፤ ሁለት ጣት፣ ከቀኝ እጅ።
እኔም በደብተሬ ጻፍኩ፣ እንደታዘዝኩት፣ በሥርዓት፦
«ከምድቧ የተነሳች። ተቀናሽ፦ አራት ሰዓት።»
እንየው ከኋላዬ ቆሞ አነበበው ጎንበስ ብሎ፤
አልተቆጣም። «አውሰኝ» አለና እርሳሴን ወሰደ፣ ከጆሮዬ ነጥሎ።
አልመለሰም።

ከተማው ጆሮ ነበረው፣ ጠጅ ቤቱም፣ የገበያው ደጃፉ፤
ስለዚህ በደንገል ታንኳ፣ ዓሣ አጥማጅ መስለው ቀዘፉ።
አራት ታንኳ፣ አሥራ ስድስት ሰው፣ አንድ ፋኖስ በጨርቅ ተሸፍኖ፤
ጉማሬ ከሩቅ ሲያጉረመርም፣ ዓባይ ከሚወጣበት ሆኖ።
ፊደል ያልቆጠረው ጣቱን በማቅለሚያው ሰማያዊ ነክሮ
ፈረመ፤ ታንኳው እንዳይናጋ ትንፋሹን ቆጥሮ።

ማን ነገራቸው?
አትጠይቁ።
ሰማያዊ ጣት ያለው ሁሉ በማግስቱ በኔ በር አለፈ፤
አዲስ እርሳስ ገዝቼ ነበር። እጄ አሥራ ስድስቱን ጻፈ።
ሥራ አስኪያጁ ዝርዝሩን አጥፎ ከኪሱ ከተተና
ሰባት ብር ከሃምሳ በወር ጨመረልኝ፣ ከነምስጋና።

እንየውን ወሰዱት። አምስት ወር። ሲፈታ ጥርሱ ጎድሎ
የዓሣ መረብ ጠጋኝ ሆነ፣ ከወደቡ ዳር ውሎ።
አሥራ ስድስቱን በትነው «አለቀ» ብለው ሲያርፉ፣
አርባ ሰማያዊ አውራ ጣቶች በማለዳ በሩ ላይ ተሰለፉ።
ቆጠርኩ። ያን ቀን ግን እጄ አልጻፈም።
ጀግንነት አይደለም፤ እርሳሴ ተሰብሮ ነበር።
ተሰብሮ ነበር ልበል።

በሦስተኛው ዓመት ውል ተፈረመ፤ ፈረቃው ስምንት ሰዓት ሆነ፤
የማንጠግቦሽ ጣት ካሳ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ተተመነ።
እንየው ከመድረኩ አልነበረም። ዓሣ የበዛበት ቀን ነበር፤
መረብ ሲያጥብ አየሁት። እጄን አነሳሁ፣ ከሩቅ፣ ከበር።
እሱም አነሳ።

ዘንድሮ ቀበርነው፣ ጣናን ከሚያይ ጉብታ።
ባለቤቱ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ሰጠችኝ፣ ማታ።
«ላንተ ነው ያለው» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።
«እስቲ እንየው» ብዬ ከፈትኩት፤ ከአፌ ሳያመልጠኝ አልቀረም።
አንድ ብሎ ይጀምራል፣ በኔው እርሳስ የተጻፈ፤
እስከ አሥራ ስድስት ይወርዳል፣ ጣት በጣት እየተደገፈ።
ከአሥራ ስምንት ወዲያ ደግሞ ገጹ አይበቃም፣ ስሙ ብዛቱ፣
የማላውቃቸው፣ የማውቃቸው፣ አባትና ልጅ፣ እናቱ።
አሥራ ሰባት ላይ ግን ባዶ ነው።
ቁጥሩ አለ። ስም የለውም።
ይህን ሁሉ ዓመት ማንም አልጻፈበትም።
ከጎኑ፣ በዚያ በደቃቁ፣ በዘመመው የእሱ ጽሕፈት፦

«ይዘገያል። አይቀነስበት።»