አራተኛው ቀለም

አሥራ ሁለት ቀን ነው የተፈቀደልን፤
ሁለቱን ሰማይ ላይ በረራው በላብን፣
አንዱን ደግሞ እንቅልፍ። በቀረችን ዘጠኝ
ሄዘርተን ገባን፣ ሳስካችዋን ላይ የምትገኝ፣
ሜዳ በሜዳ ላይ የተነጠፈባት፣
ከእህል ጎተራው በቀር ቀና ያለ የሌላት።

ስድስት ነን፣ ከሆሳዕና።
የቲኬቱን ብር ምእመኑ ነው ያዋጣ፣
ከቡላ ንግዱ ላይ፣ ከዕቁቡ እያወጣ።
«ወንጌል ያመጡልን የነዚያ የልጅ ልጆች
ዛሬ ዝለዋልና ሁኑላቸው እጆች»
ብለው ሲጸልዩልን፣ እጃቸው ራሴ ላይ፣
እኔ አሰላ ነበር በስውር፣ ሰው ሳያይ፦
በዚህ ገንዘብ ስንት ክፍል ቆርቆሮ ይለብሳል?
አሜን አልሁ። አሜን ስንቱን ይሸፍናል።

ጸሎት ቤቷ ትንሽ፣ ግድግዳዋ ሳንቃ፤
እሑድ ዘጠኝ ሰው ይቀመጣል፣ አንዱ ስብከቱ እስኪያልቅ ሳይነቃ።
የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ ሚስተር ኦርቪል፣
ብሩሽና ባልዲ፣ ነጭ ቀለም በበርሚል
አቀረቡልንና «ይኸው ሥራ» አሉን።
እጅጌያችንን እስከ ክንድ ሰበሰብን።

የፊተኛውን ቀለም በመፋቂያ ስፍቀው
ከቢጫው ሥር አረንጓዴ ወጣ፣
ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ መጣ፤
ከዚያ በታች እንጨቱ፣ ደህና፣ ያልነቀዘ፣
ከስንት ዓመት በኋላ የጥድ ሽታውን እንደያዘ።

«ሰማያዊው» አሉኝ ኦርቪል ከኋላዬ፣
«የቴክሳስ ልጆች ናቸው። አረንጓዴው፣ ኮሪያውያን።
ቢጫው፣ እንጃ፣ ከወዲያ፣ ከቶሮንቶ አካባቢ።
ጥሩ ልጆች ሁሉም። ፎቶ ተነሥተው ሄዱ።»
«ታዲያ ግድግዳው ምን ሆኖ ነው?»
«ምንም።
ከሩቅ የመጣ እንግዳ
ሥራ ሲፈታ ደስ አይለውም።»

ብሩሹ በእጄ ላይ ደረቀ።
ትዝ አለኝ ትምህርት ቤታችን፣ ያኔ ስምንት ዓመቴ፣
ፈረንጆች በክረምት መጥተው የቀቡት፤ ዘበኛው አባቴ
በየመስኮቱ የተዝረከረከውን ቀለም
ማታ ማታ በፋኖስ ያቀና ነበር፣
ጠዋት ሲያዩት እንዳያፍሩ።
«እግዜር ይስጣቸው» ይል ነበር እየጠረገ።
ከልቡ ነበር። እስካሁን አይገባኝም።

«ሚስተር ኦርቪል፣ ግድግዳው ይቆይ። እርስዎ ምን ጎደለዎ?»
ዝም አሉ። በደጅ የጭነት ባቡር አለፈ፤
ፉርጎው ቢቆጠር፣ ቢቆጠር አላልቅ አለ።
መጨረሻው ሲያልፍ ጫማቸውን አዩ።
«ጎንበስ ማለት ካቃተኝ ይኸው ሦስት ዓመቴ።
አይሪን ነበረች የምትቆርጥልኝ። ሚስቴ።»

የቀለሙን ባልዲ አጥቤ ለብ ያለ ውሃ ሞላሁ።
ካልሲው አልወጣ አለ፤ ቀስ ብዬ ገፈፍሁ።
ጥፍራቸው ቀንድ ሆኗል፣ የሙክት፣ የተጠማዘዘ፣
የአውራ ጣቱ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ደም የያዘ።
መቀሱ እምቢ ሲል ከጋራዣቸው
የሽቦ መቁረጫ አመጡልኝ፣ ራሳቸው፣ እየሳቁ።
ሰባተኛው ጥፍር ላይ ሳቁ ቆመ።
እኔም ቀና አላልሁም፤
ሳይጠሩ የሰው እንባ ላይ አይደረስም።

የሰሜኑ ግድግዳ እንደ ቢጫነቱ ቀረ።

የሪፖርቱን ቅጽ ሬጂና አየር ማረፊያ ሞላሁ።
«የተገኘ ውጤት፣ በቁጥር» ይላል፤ ሣጥኗ ጠባብ።
«አሥር» ብዬ ጻፍሁ። ላክሁት።
ሻንጣ ሳናስረክብ መልሱ በቴሌግራም ደረሰ፦
«እልልል! አሥር ነፍስ! ጌታ ይክበር!
እማማ ጡሚሴ ሰምተው፣ ቆመው አለቀሱ!»
ጡሚሴ፣ የአንድ ወር የቡላ ትርፋቸውን
በመሐረብ ቋጥረው የሰጡን።

«ነፍስ አይደለም» ብዬ ጀመርሁ። አጠፋሁት።
«ጥፍር ነው» ብዬ ጻፍሁ። አጠፋሁት።
ላፌቦ ከፊት «በሩ ሊዘጋ ነው!» እያለ ይጣራል፤
አውራ ጣቴ መስታወቱ ላይ እንደ ቆመ ቀርቷል፣
ከጥፍሬ ሥር ነጭ ቀለም ይዞ።