አንድ ለአርባ ስምንት

ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፣ በረዶ ጣለ አልጣለ፣
የኢሪ ሐይቅ ነፋስ የሱቁን በር ነቀለ አልነቀለ።
ዩጂን ዱዴክ፤ የሰማንያን በር አንኳኩቶ፣
ጫማውን ደፉ ላይ ሁለቴ አጋጭቶ፣
"ስቱኮ መጣ?" ይለኛል፣ ሰላምታውን ረስቶ።

እኔ ሻጭ ነኝ፤ ማስቲሽ፣ ወረንጦ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣
ወይራማ ቀለም በብልቃጥ፣
ጦርነት በካርቶን፣ ዋጋው ከላይ ተለጥፎበት።

እሱ የሚሠራው አንድ አውሮፕላን ነው ሁሌም፣
ፒ-ፎርቲ፤ ሌላውን ተዋጊ በነጻ ብሰጠው አይነካም።
ያ፣ አፍንጫው ላይ የሻርክ ጥርስ የሚሣልበት፣
እዚሁ ቡፋሎ ነው ፋብሪካው የነበረበት።

መጽሐፍ አለው ስለሱ፤ ሠላሳ ይሁን አርባ እንጃ፣
አንዱ ስለ ሞተሩ ብቻ፣
አንዱ ስለ ጎማው ማጠፊያ ብቻ።
ደራሲዎቹ ስለ ሆዱ ቀለም ይካሰሳሉ፣ እንደ ድንበርተኛ ገበሬ፦
"ግራጫ ነው"፣ "ሰማያዊ ነው"፣ "ይሄ የሰሚ ሰሚ ወሬ"።
የቱ አብራሪ ስንት ጣለ፣ በየት ሰማይ፣ በስንት ሰዓት፣
ስም ከነማዕረጉ፣ የውሻው ስም ሳይቀር አለበት።
ጄኔቪቭ ግን የለችም።
በአባቷም ስም ፈለጋት፣ በባሏም ስም፤
ማውጫውን በጣቱ ወርዶ ወርዶ፣ ምንም።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር" ይላል፣ "ክንፍ ትሰፋ ነበር እናቴ፣
መርፌዋ የአየር መዶሻ፣ ክሯ ሪቬት።"
ከውስጥ ሌላ ሴት ብረት ደግፋ፣ እሷ ከውጭ ስትመታበት፣
ግራ ጆሮዋ እዚያው ቀረ።
ጦርነቱ ሲያልቅ የምስጋና ወረቀት ሰጧት፣
ጀርባው ላይ የአስቤዛ ዝርዝር ጻፈችበት።

ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ አንድ ፎቶ አለ፤
ጀርባዋን የሰጠች ሴት፣ ሻሽ ያሰረች፣
"ሠራተኛ" ይላል ከሥሩ፤ ማን እንደሆነች አልተባለ።
ትከሻው የሷ ነው። ወይም አይደለም።
አጉሊ መነጽር ሲያቀርብ ነጥብ ትሆናለች፣ የቀለም ነጥብ፣
መነጽሩን ሲያርቅ ተመልሳ እናቱ ትሆናለች።

ባለፈው ጥር ትልቁን ሣጥን ገዛኝ።
"እናቴን ለአርባ ስምንት አካፈልኳት" አለኝ፣
"ኢንች ከሩብ ሆነች፤ የጣቴን አንጓ እንኳ አትሞላ።
ልጅ ሆኜ እኮ መስኮቱን ትሸፍነው ነበር፣ ስትመጣ ከሥራ።"

ሣጥኑ ውስጥ አብራሪ አለ። ሁልጊዜ አብራሪ አለ፣
ቆቡን ያጠለቀ፣ ለመሄድ የቸኮለ።
ሠሪ ግን የለም በየትኛውም ሣጥን።
ስለዚህ ሌሎች ከሚጥሉት፣
ክፍሎቹን አያይዞ ከሚመጣው የፕላስቲክ ቅርንጫፍ፣
ቆርጦ፣ በሻማ አለስልሶ፣ በምላጭ ወገቧን አወጣላት፤
ከኔ በገዛው ስቱኮ ሻሽ አሰረላት።

መጋቢት ላይ መንገዱ ተዘጋና ሐሙስ ቀረ።
ያዘዘውን ይዤለት ሄድኩ፤
መጽሐፎቹ ደረጃው ላይ ተደርድረዋል፣ እየዘለልኩ።
ጠረጴዛው ላይ አውሮፕላኑ፣ አንድ ክንፉ ተነጥሎ፣
እሷ ከክንፉ አጠገብ፣ እጇ ከፍ ብሎ።
"መቼ ልትጨርሰው ነው?" አልኩት።
"ከጨረስኩት ይሄዳላ" አለኝ።
"ከሄደ ደግሞ... የቀረውን መጽሐፎቹ ጽፈውታል፣ ታውቂያለሽ።"
ከዚያ አብራሪውን መዳፌ ላይ አስቀምጦ፣
"ይሄ ሥራ ፈቷል፣ ያዥልኝ" አለ፣ ስቱኮውን ቆጥሮ ተቀብሎ።

አሁን የሱቁ ገንዘብ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚኖረው፣
ከዝርዝር ሳንቲሞች ጋር፤
እግሩን አጥፎ፣ የሌለ መሪ ጨብጦ።
መልስ ልሰጥ መሳቢያውን በሳብኩ ቁጥር ቀና ይላል፣
"ደረሰ?" የሚለኝ ይመስለኛል።
"ገና" እለዋለሁ፣ ቀስ ብዬ እየዘጋሁ፤
"እየሰፋችው ነው።"