ብርጭቆ ወረቀት

ጉሙ ከጣርማ በር፣ ቁልቁል ሲንከባለል፣
ቀን በስምንት ሰዓት፣ ማታ ሲያስመስል፣
ትራፊኩ አስቁሞኝ፣ ጎንበስ አለ ፊቷ፤
ዶልፊኔ አፍራ ቆመች፣ ፈዝዞ መብራቷ።
«መብራት ነው የምትለው፣ ይሄን የረጋ ወተት?
ሰኞም እንዲህ ካየሁ፣ ታርጋህን ነው መፍታት!»

አዲስ ጥንድ ጠየቅሁ፣ ደብረ ብርሃን ወጥቼ፤
ዋጋውን ሲነግሩኝ፣ ወረድሁ ሻይ ጠጥቼ።

ጎሚስታው ሽበሺ፣ እጁን ጠረገና፣
ከጎማ ክምር ሥር፣ ፌስታል ሳብ አርጎና፣
«ብርጭቆ ወረቀት ነው፤
ስምንት መቶው ይቅደም፣ ሁለት ሺው ይከተል፤
ውኃ አይለየው ብቻ፤ እጅህም አይቸኩል።
ማሳረጊያው ደግሞ፣ የጥርስ ሳሙና» አለኝ።
እያሾፈ መስሎኝ፣ ሳቄ ነው የመጣኝ።

እሁድ ባልዲ ሞልቼ፣ ዳሩን በፕላስተር
ከለልሁት ለቀለሙ፤ ጀመርሁ፤ ሽክር... ሽክር።
አባቴ አጥናፌ፣ ከግንቡ ሥር ሆኖ፣ ፀሐይ እየሞቀ፣
ድምፁን አዳመጠ፤ ቆየና ጠየቀ፦
«ምንድነው የምትፍቀው?»
«መብራት።»
«መብራት ይፋቃል?
የኔ ኤንትሬ መብራት፣ ብርጭቆ ነበረ፤
ይሰበራል እንጂ፣ መች ሞራ ያወጣል?»
«የዛሬው ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ያቃጥለዋል።»
«አዬ!» አለ አባቴ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አሰብ ተመላልሶ፣
ዛሬ ከአልጋው ደጃፍ፣ ይደርሳል ዳብሶ።

ስፍቀው ጭራሽ ባሰ፤ አጓት መሰለ ነጥቶ፤
ገደልሁት ብዬ ቆምሁ፣ ወኔዬ ከእጄ ወጥቶ።
አባቴ ተነሥቶ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣
ገበያ እንደ ወጣ፣ ጤፍ እንደሚገዛ ሰው፤
«እዚች ጥግ ጭረት አለ፤ ዘለህ አልፈሃታል።
አትፍራ፤ ጠላም እኮ፣ ሳይጠልል ይደፈርሳል።»
አየሁ፤ ምንም የለም።
ጠራረግሁት። አለ።

ከልጄ ከምንታምር፣ የጥርስ ሳሙና ሰርቄ፣
ቀኙን በአሮጌ ካልሲ፣ አሽቼ አለቅልቄ፣
አየሁት አምፖሉን፤
አየሁት ጢሜንም፣ ሽበት ጣል ጣል አርጎ።
ግራው ግን እንዳለ፣ ቱቦው ተጨመቀ፤
ተጠቀለለና፣ ሳሙናው አለቀ።
ሱቁ እሁድ ዝግ ነው። ምንታምር አኩርፋለች።

ሐኪም ቤቱም ለአባቴ፣ እንዲሁ ነው ያለው፦
«ሰኞ ቀኙን እንግፈፍ፤ ግራው ሌላ ወር ነው።»

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሞተር አስነሣሁ።
አንዱ ጉሙን ቀደደው፤
ሌላው ወተቱን ደፋ።
አባቴ ፊቷ ቆመ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣
«የቱ ነው የጠራው?» አለኝ ሙቀት ሽቶ።
«ቀኙ» አልሁት። ሳቀ።

ዳገቱን ጀመርን።
እያንዳንዷን ኩርባ፣ ወገቡ ያውቃታል፤
ቀድሞኝ ይጋደማል፤ ቀድሞኝም ይቃናል።
ዋሻው ሲቃረብ ግን፣
«መብራት አብራ» አለኝ።
«በርቷል እኮ፣ አባባ።»
«እንግዲያው ቀስ በል።»